የጠፋው በሽተኛው ነው ወይስ ሕክምናው?

የቲቢ መድኃኒት የጀመረ ሰው ከጤና ጣቢያ ቢቀር ፈላጊ አለው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደጁ ድረስ ሄዳ «ምነው ቀረህ?» ትለዋለች። የኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ከጀመረ ወዲህም ያቋረጡትን ስልክ እየደወሉና ቤት ለቤት እየዞሩ የሚፈልጉ ሠራተኞች ተመድበው ኖረዋል፤ ብዙዎቹም ራሳቸው ቫይረሱ በደማቸው ያለ ነበሩ። ደግ አሠራር ነው። ብዙ ነፍስ አትርፏል።

የአእምሮ ሕመምተኛውስ? እሱ ከቀረ ቀረ ነው። ካርዱ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል፣ ሰውየውም ከሰው ተራ ይወጣል። አንድ ቀን ደፍሮ የተመለሰ እንደሆነ ደግሞ የሚቀበለው ቁጣ ነው። «የት ከርመህ መጣህ? መድኃኒቱን ማን አቋርጥ አለህ?» ይባላል። እኛ ግን ጥያቄውን ገልብጠን እንጠይቃለን። ለመሆኑ የጠፋው በሽተኛው ነው ወይስ ሕክምናው?

እስቲ ነገሩን ከወረታ እንየው። ከፎገራ ሜዳ አንዱ ቀበሌ የሚኖር ገበሬ የአእምሮ ሐኪም ፍለጋ ሲነሳ መንገዱ ሦስት ነው፤ ወይ ደብረ ታቦር፣ ወይ ባሕር ዳር፣ ወይ ጎንደር። በእግሩ አስፋልት ይደርሳል። ከዚያ የመኪና ይከፍላል፤ ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለአስታማሚውም ጭምር። ምሳ አለ። የሁለት ሰው የሥራ ቀን ይባክናል። ይኸ ለአንድ ጊዜ ቢሆን ማን ቸገረው፤ በየወሩ ነው እንጂ! ክረምት ሲገባ ደግሞ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ውኃ ያለብሱታል። የሩዝ አረም የሚበረታውም ያኔ ነው። ታዲያ ገበሬው ቀጠሮውን ያክብር ወይስ ማሳውን ያድን? ይኸ ሁሉ አልበቃ ብሎ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ጦርነት አለ። መንገድ ሲዘጋና ተኩስ ሲሰማ መድኃኒት ያለቀበት ሰው ምን ያድርግ? ሹማምንቱ ይመልሱልን።

ስለ መድኃኒቱም እውነቱ ይነገር። ያድናል፤ ግን ያስተኛል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ረኃብም ያመጣል። ዶክተር ሰለሞን ተፈራና ባልደረቦቻቸው በ2005 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት ሕመምተኞች መድኃኒት የሚያቆሙበትን ምክንያት ሲጠይቁ ከሰሟቸው መልሶች አንዱ ይኸው ነበር፤ መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ቤት ውስጥ ግን የሚበላ የለም። አንብቦ ዝም የሚል ሆድ ያለው ማን ነው? እንዲህ ያለውን ሰው «ግዴለሽ» ብሎ መስደብ ነውር ነው።

«መድን አለው አይደል?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ፎገራ በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ ጤና መድን በሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዷ ናት። መልካም ጅምር ነበር። ነገር ግን የመድን ደብተር የመኪና አይከፍልም። ከመንግሥት ፋርማሲ «መድኃኒቱ አልቋል፣ ከውጭ ግዛ» የተባለ ገበሬ ደብተሩን ይዞ ምን ይሠራበታል?

ለነገሩ በሀገራችን ወደ ሕክምና አንዴ እንኳ መድረስ ራሱ ዕድል ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቡታጅራ አካባቢ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች በተጠየቁበት ትልቅ ጥናት ስኪዞፍሬንያ ከተገኘባቸው መካከል ቀድሞ የሕመሙን መድኃኒት ያገኙት ከ10 አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። እንግዲህ አንዴ ሐኪም ቤት ደርሶ፣ ተሽሎት፣ ከዚያ ያቋረጠ ሰው ስንት ተራራ የወጣ ሰው ነው? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ይኸ ሰው ግን አልደበቀም። በሩ ነው የራቀው።

ጠበሉንም ሳናነሳ አናልፍም። ከጉማራ ወንዝ አጠገብ ያለው የወንዛዬ ፍል ውኃ ፈውስ ፈላጊውን ከሩቅም ከቅርብም ሲቀበል የኖረ ስፍራ ነው። ወገናችን ሲጨንቀው ወደዚያ ቢሄድ የሚወቀስበት ምክንያት የለም። ክፉው «ወይ ይኸ፣ ወይ ያ» የሚለው ነገር ነው። በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ ሕመምተኞች ጠበል ብለው መድኃኒት ሲተዉ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ በአደባባይ ተናግረዋል። ለአእምሮ ሕመምተኛም ይኸው ቃል ይሠራል። ካህናት አባቶች በየጠበሉ «ኪኒንህን እየዋጥክ ተጠመቅ» ቢሉ ከማንኛውም ፖስተር የበለጠ ይሰማሉ።

ላቋረጣችሁና ለቤተሰቦቻችሁ የምንለው አለን። መመለስ ነውር አይደለም። ስድስት ወርም ሁለት ዓመትም ቢሆናችሁ ሂዱ። የተረፈውን ኪኒን ግን በገዛ እጃችሁ በድሮው መጠን አትጀምሩት፤ ይዛችሁት ሂዱና ሐኪሙ ይወስን። ለምን እንዳቆማችሁ ሳታፍሩ ንገሩት። አስተኝቶኝ፣ ርቦኝ፣ ገንዘብ አጥቼ በሉ። መጠኑ ሊቀነስ፣ ዓይነቱ ሊለወጥ፣ ለአንዳንዱም በየወሩ በሚወጋ መርፌ ሊተካ ይችላል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ በድንገት ማቆም አደገኛ መሆኑን አትርሱ።

መንግሥትን ግን በምክር አናልፈውም። ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. የተባለው አገር አቀፍ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ሕክምናውን እስከ ጤና ጣቢያ አወርዳለሁ ብሎ ነበር። «አይቻልም» እንዳይባል ደግሞ ማስረጃ አለ። በ2014 ዓ.ም. የታተመ በጉራጌ አካባቢ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ለከባድ የአእምሮ ሕመምተኞች የሰጡት ክትትል በሆስፒታል ሳይካትሪ ነርሶች ከሚሰጠው አላነሰም። ስለዚህ የጎደለው ዕውቀት አይደለም፣ ፈቃድ ነው።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ መድኃኒቱ ገበሬው በእግሩ ከሚደርስበት ጤና ጣቢያ ይገኝ። ሁለተኛ፣ ክረምት ሳይገባና መንገድ ሳይዘጋ የሁለትና የሦስት ወር መድኃኒት ይሰጠው። ሦስተኛ፣ ለቲቢ ሕመምተኛ ቤት የምትሄደው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የእሱንም ደጅ ታንኳኳ። አራተኛ፣ የተመለሰ ሰው እንደ ጥፋተኛ ሳይሆን እንደ እንግዳ «እንኳን መጣህ» ተብሎ ይግባ። አራተኛውማ በጀትም፣ ስብሰባም፣ የፈረንጅ ዕርዳታም አይፈልግም። ከነገ ጠዋት ጀምሮ ሊሆን ይችላል።