ኅዳር ሲታጠን ማን ይታመማል?

«የ20 ዓመት ወጣት ነኝ፣ የምኖረው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ታናሽ ወንድሜ አስም አለበት። በየዓመቱ ኅዳር 12 ጎማው፣ ፌስታሉ፣ ቅጠሉ ተሰብስቦ በራችን ላይ ሲቃጠል ደረቱ ሲር ሲር ይልና ተቀምጦ ያድራል። እናቴን ‹ዘንድሮስ ይቅር› ስላት ‹በሽታ እንዲገባብን ነው?› ብላ ትቆጣኛለች። ምን ልበላት?»

እህቴ ሆይ፣ እናትሽን አትቀየሚያቸው። የያዙት የአያቶቻቸውን ፍርሃት ነው። በ1911 ዓ.ም. የገባው ኢንፍሉዌንዛ «የኅዳር በሽታ» ተብሎ በከተማችን ስንቱን ቤት ዘግቷል። ቆሻሻ ጠርጎ የማጠኑ ልማድም ከዚያ የመጣ ነው። ግን የዚያን ጊዜ ቆሻሻ ውስጥ ፌስታል አልነበረም!

ዛሬ ከጎማና ከፕላስቲክ ጭስ ጋር ዓይን የማያያቸው መርዘኛ ቅንጣቶች ይወጣሉ። 30 ያህሉ ጎን ለጎን ቢሰለፉ ነው የአንድ ጠጉር ውፍረት የሚያክሉት። አፍንጫ አያስቀራቸውም፤ ሳንባ ዘልቀው ደም ውስጥ ይገባሉ። አስም ይቀሰቅሳሉ፣ ውሎ አድሮም ለልብ ሕመም፣ ለስትሮክና ለሳንባ ካንሰር ይዳርጋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ የቀኑ አማካይ ከ15 ማይክሮግራም ባይበልጥ ይመከራል ብሏል።

ደግሞ ነገሩ የአንድ ቀን ብቻ አይደለም። የአሮጌ ናፍጣ መኪና፣ የከሰልና የማገዶ ጭስ፣ የመንገዱም አቧራ ዓመቱን ሙሉ አለ። በበጋ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ተኝቶ ያፍነዋል። ጠዋት ከእንጦጦ ቁልቁል ስታዩ ከተማዋን የሸፈናት ግራጫ ነገር ጉም ብቻ እንዳይመስላችሁ። በማለዳ በአስፋልቱ ዳር የምትሮጡ ወጣቶችም ፀሐይ ሞቅ እስክትል ብትቆዩ ይሻላል።

እኔ የምመክርሽ ይህን ነው። እናትሽን «ልማዱ ይቅር» አትበያቸው። «መጥረጉን አብረን እንጥረግ፣ ቆሻሻውን ለሰብሳቢዎች እንስጥ፣ እሳቱን ብቻ እንተው» በያቸው። ጎረቤት ካጨሰ በርና መስኮት ዝጉ፤ ከሰልም ቤት ውስጥ አታስገቡ። ነጠላ አፍንጫ ላይ መጣል እነዚህን ቅንጣቶች አያስቆምም። ሐኪም ያዘዘለት የሚሳብ መድኃኒት ከእጁ አይጥፋ። ትንፋሽ አጥሮት መናገር ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት!

ያኔ ሰው ያጨሰው ልጁን ለማትረፍ ነበር። እናትሽም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።