«ተመለስ» መቼ ይባላል?

በመ. ታ.

ልጅ የአሜሪካ ጦር አካዳሚ ገባ ሲባል እኛ ቤት የሚሆነው ነገር የተደበላለቀ ነው። እናት ታለቅሳለች፣ አባት ደረቱን ይነፋል። ዘመድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንዴ፣ ወታደር ሊሆን ነው?» ይላል። ትምህርቱ በነጻ፣ ያውም ከደመወዝ ጋር መሆኑ ሲነገረው ደግሞ «ተመስገን ነው እንጂ!» ብሎ ያርፋል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ የልጁ ስም ተጠርቶ ይጨበጨብለታል። በዚህ ሁሉ ቅር የሚለኝ ነገር የለም። ቅር የሚለኝ እኛ ትልልቆቹ ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት የምናደርገው ነው። «ተመለስ» ሊባል በማይገባበት ሰዓት «ተመለስ» እንላለን፤ መጠየቅ ባለብን ሰዓት ደግሞ ሁላችንም አፋችንን እንይዛለን።

ለዋሽንግተንና ለአካባቢዋ ሐበሻ ቅርቡ አናፖሊስ ነው። መንገዱ ካልተጨናነቀ ከሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሰዓት አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ1845 የተመሠረተው ይህ የባሕር ኃይል አካዳሚ ወደ 4,400 የሚጠጉ ዕጩ መኮንኖች አሉት። ሁሉም ባንክሮፍት ሆል በሚባል አንድ ግዙፍ ሕንፃ ያድራሉ፤ በአንድ አዳራሽም አብረው ይበላሉ። መግባቱ ቀላል አይደለም። አመልካቹ ዜጋ፣ ዕድሜው ከ17 ያላነሰ፣ ያላገባ፣ የሚያሳድገው ልጅ የሌለው መሆን አለበት። ከትምህርት ውጤቱ ሌላ ሩጫው ይለካል፣ ፑሽአፑ ይቆጠራል፣ ጤናው ይመረመራል። በዚያ ላይ ብዙውን ጊዜ ከኮንግረስ አባል ወይም ከሴናተር የሚገኝ ኖሚኔሽን ሊኖረው ይገባል፤ ለዚህም ገና ሃይስኩል ያልጨረሰ ልጅ ሰዎች ፊት ተቀምጦ ለምን መኮንን መሆን እንደፈለገ ይጠየቃል። ዕድሜውን ታክሲ ሲነዳ ለኖረ አባት ልጁ እንደራሴ ቢሮ ገብቶ፣ ተጠይቆ፣ ተመርጦ መውጣቱ ትልቅ ነገር ነው። ኩራቱ ይገባኛል።

የማይገባኝ «ነጻ» የምትባለው ነገር ናት። ወላጅ ከወላጅ ጋር ሲያወራ መጀመሪያ የሚነሳው ይህ ነው፤ ሌላው ልጁን በብድር ሲያስተምር የእኛ ልጅ ሳንቲም ሳናወጣ ይማራል። እውነት ነው፣ የትምህርት ክፍያ የለም፣ ምግብና መኝታ አለ፣ በየወሩም ደመወዝ ቢጤ ይከፈላቸዋል። ዕዳው ግን በዓመት ይቆጠራል። የተመረቀ ሁሉ ቢያንስ 5 ዓመት መኮንን ሆኖ ያገለግላል። አውሮፕላን አብራሪ ከሆነ ክንፉን ከተቀበለበት ቀን ጀምሮ ሌላ 8 ዓመት ይታሰብበታል። በ18 ዓመቱ የገባ አብራሪ ነጻ የሚሆነው ሠላሳዎቹ ውስጥ ገብቶ ነው። ይህን በማኅበር ላይ ሲተርክ የሰማሁት አባት የለም።

ስለ ውትድርና ስናወራ የምንፈራውም የምንኮራውም ከአገር ቤት ይዘነው በመጣነው ነው። የእኔ ዕድሜ ሰው በ1975 ዓ.ም. የታወጀውን ብሔራዊ ውትድርና ያስታውሳል። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 ያሉ ወጣቶች ተመዝግበው እንዲሄዱ ታዘዘ፤ ሲብስ ደግሞ አፈሳ መጣ። ቆጥ ላይ ልጇን የደበቀች እናት፣ ገበያ ወጥቶ የቀረ ወንድም በየቤቱ አለ። ከዚያ ቀደም ብሎ የነበረው ትውልድ ደግሞ ሌላ ነገር ያነሳል። በ1950 ዓ.ም. ገደማ በህንድ መኮንኖች አስተማሪነት የተከፈተው የሐረር ጦር አካዳሚ ጎበዝ ተማሪ የሚመኘው ቦታ ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው እየተገኙ ያስመርቁ ነበር፤ «ካዴት አገባች» መባልም ወግ ነበር። ከዚያ የኅዳር 14 ቀን 1967 የባለሥልጣናት ግድያ መጣ፣ ቀጥሎ የግንቦት 8 ቀን 1981 የከሸፈ መፈንቅለ መንግሥት መጣ፣ በእነዚያ ቀናትና በኋላቸው ስንት ጄኔራል እንዳለቀ አንባቢ ያውቃል። አንድ ሳሎን ውስጥ አያት ስለ ሐረር ካዴቶች ሲያወሩ እናት ስለ አፈሳ እያሰበች ትሰማለች። ልጁ ግን አሜሪካ የተወለደ ነው። ሁለቱንም አያውቅም፤ ማንም አላፈሰውም፣ ራሱ አመልክቶ ነው የገባው። ከእኛ ፍርሃት ጋር የሚያገናኘው እምብዛም ነገር የለም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ስህተት ልምጣ። አዲሶቹ በሰኔ ሃያዎቹ አንድ ጠዋት አናፖሊስ ይገባሉ። ቀኑ ሳይመሽ ወንዶቹ ይላጫሉ፣ ነጭ ልብስና ነጭ ቆብ ይሰጣቸዋል፣ ሰላምታ አሰጣጥ ይማራሉ፤ አመሻሹ ላይ ባንክሮፍት ሆል ፊት ለፊት ቆመው ቃለ መሐላ ይፈጽማሉ። ከቤተሰብ ጋር ጥቂት ደቂቃ ይሰጣቸውና በሩ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት የእጅ ስልክ የሌለባቸው ናቸው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነስቶ ስፖርት፣ ኮሪደር መሀል ለመሀል እየሮጡ ማዕዘኑን በቀጥታ መታጠፍ፣ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ ዓይንን ፊት ለፊት ተክሎ መብላት። አዲሱ ልጅ ለአለቃው የሚመልሳቸው መልሶች አምስት ብቻ ናቸው፤ ከእነሱ አንዱ «ምክንያት የለኝም ጌታዬ» ነው። አስተማሪ ፊት ለልጃችን ምክንያት እየደረደርን ላሳደግን ለእኛ ይህን መስማት ቀላል አይደለም። (ልጆቹ ከእኛ ቶሎ ይለምዱታል።)

በዚያ ክረምት ወደ ቤት የሚደወለው በጣት የሚቆጠር ነው። የክርስትና ልጄ ካቻምና ሲገባ የመጀመሪያው ስልክ በተደወለ ጊዜ እነሱ ቤት ነበርኩ። እናቱ ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ አድርጋ ድምፁን ከፈተችው፤ ሁላችንም ተጠጋን። ልጁ ግማሹን አለቀሰ። «እማዬ፣ እዚህ የምሆን አይመስለኝም» አለ። እሷ ያለችው ማንኛዋም እናት የምትለውን ነው። «ና ተመለስ የኔ ጌታ፣ ማንም አይስቅብህም፣ አሁኑኑ መኪና አስነስቼ እመጣለሁ!» አንድ ሁለት ቃል ሳይጨምር ሰዓቱ አለቀና ስልኩ ተቋረጠ። ቀጣዩ ስልክ እስኪመጣ ድረስ እንቅልፍ አልነበራትም። በመሀል የደረሳት ደብዳቤ ስለ ልቅሶው አንድም አያነሳም፤ ዳቦ ቆሎ ይጠይቃል፣ ስለ ክፍል ጓደኛው ኩርፊያ ያወራል፣ እግሩ ላይ ስላወጣው ውኃ የቋጠረ ነገር በኩራት ይገልጻል።

እዚህ ላይ ነው የምንሳሳተው። ያ ልጅ ስልኩን ያነሳው ከቀኑ ሁሉ በሚብስበት ደቂቃ ነው፤ የእናቱን ድምፅ ሲሰማ የያዘው ሁሉ ተለቀቀ። ስልኩን ዘግቶ እራት ሲሮጥ ለእሱ ነገሩ አልፏል፤ ቤት ያለነው ግን ያችን ደቂቃ ይዘን እንቀራለን። በዚያ ሰዓት «ተመለስ» ሲባል ልጁ የሚሰማው «አትችልም» ነው። የሚፈልገው የቤቱ ወሬ ነው፤ እህቱ መንጃ ፈቃድ መውደቋን፣ ጎረቤት መውለዷን፣ አባቱ አሁንም ቁልፍ እየጠፋበት መሆኑን። ቤቱ በቦታው መኖሩን ሲሰማ ይበቃዋል።

የወላጆች መጎብኛ ቅዳሜና እሁድ የሚውለው ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ማለትም ፍልሰታ ውስጥ። አናፖሊስ ይህን አያውቅም፤ የእኛ እናቶች ግን በደንብ ያውቁታል። የክርስትና ልጄ እናት ሁለት ዓይነት ሰሃን ጭና ሄደች፤ አንዱ ምስር፣ ጎመንና ሽሮ፣ ሌላው ለማንኛውም ተብሎ የተሠራ ዶሮ። ልጁ ሲመጣ አላወቅነውም፤ ከስቷል፣ አንገቱ ረዝሟል። ወንበሩ ጫፍ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። እናቱ «ተደገፍ እንጂ ልጄ» ብትለው ትንሽ ደገፍ ብሎ መልሶ ቀጥ አለ። ከምስሩ ጀመረ፤ አንድ ሁለቴ ጎረሰና ዶሮውን አየ። ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ እዚህ እኮ ጾም የሚቻል አይደለም» አለኝ። እኔ ደግሞ ይህ የንስሐ አባትህ ጉዳይ ነው አልኩት። እንቁላሏን በሁለት ጉርሻ ጨረሳት። እናቱ ከመኪናው ኋላ ሄዳ ስታለቅስ አየኋት፤ የተለወጠ ልጅ ያየች እናት ልቅሶ ነበር፣ ሐዘን አልነበረበትም።

በግንቦት የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ 21 ጫማ የሚረዝመውን፣ ስብ የተቀባውን የሄርንደን ሐውልት ተረዳድተው ይወጣሉ፤ ጫፉ ላይ ያለውን የጀማሪ ቆብ በዕጩ መኮንን ባርኔጣ ይተካሉ። ከዚህ ወዲያ ቤተሰብ ተረጋጋ። ፎቶው ተሰቀለ። ሠርግ ላይ ትልልቅ ሰዎች «ኮሎኔል» ብለው ይጠሩት ጀመር (ባሕር ኃይል ውስጥ ኮሎኔል የሚባል ማዕረግ የለም፤ ግን ማን ሰምቶ)። እንግዲህ ሁለተኛው ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው።

ወላጆች አብዛኞቹ የማያውቁት ነገር አለ። አንድ ዕጩ መኮንን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ በራሱ ፈቃድ ቢለቅ፣ ከሲቪል ሕይወት የመጣ ከሆነ ዕዳ የለበትም። የተማረውን ይዞ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይቀጥላል። ሦስተኛው ዓመት ሲጀምር ግን ይፈርማል፤ እነሱ «ቱ ፎር ሰቨን» ይሉታል። ሁለት ዓመት ትምህርት፣ ቀጥሎ አምስት ዓመት አገልግሎት፣ በድምሩ ሰባት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የለቀቀ ወይ በተራ ወታደርነት እንዲያገለግል፣ ወይ የተማረበትን ወጪ እንዲከፍል ሊጠየቅ ይችላል። እንግዲህ ከአንደኛው ክረምት ይልቅ ቤተሰብ ሊቀመጥና ሊነጋገርበት የሚገባው ከመፈረሙ በፊት ያለው ይኸኛው ክረምት ነው። በዚህ ክረምት ግን ማንም አያለቅስም፣ ማንም አይጠይቅም። ልጁ ለዕረፍት መጥቶ ሶፋው ላይ ተኝቶ ስልኩን ይነካካል፤ ከራሱ በላይ ፎቶው ተሰቅሏል። ቢከፋውስ ለማን ይናገራል? አዳራሽ ሙሉ ሰው አጨብጭቦለታል። ይሉኝታ የእኛ በሽታ ነው፤ አሜሪካ ለተወለዱትም አስተላልፈንላቸዋል።

ከአካዳሚ ተመርቃ አሁን በማገልገል ላይ ያለች የማውቃት ልጅ እንዲህ አለችኝ፦ «ሁለተኛ ዓመት ላይ ከቤት አንድ ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ እተው ነበር። ባለመተዌ ግን አልቆጭም።» ይህ ለእኔ ሐሳብ የማይመች መልስ ነው፤ ቢሆንም ያለችውን ነው የጻፍኩት። ባለመቆጨቷ ደስ ይለኛል። ግን ያን ዓመት ብቻዋን እንዴት እንዳሳለፈችው ስትነግረኝ ወላጆቿ ይህን ቢያውቁ ብዬ አስቤአለሁ።

በሴት ልጆች ጉዳይ ደግሞ ዝምታው የባሰ ዋጋ አለው። ጦር አካዳሚዎቹ ሴቶችን መቀበል የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ ሪፖርት በእነዚህ አካዳሚዎች ከ5 ሴት ተማሪዎች ወደ 1 የምትጠጋው ያልፈለገችው ወሲባዊ ንክኪ እንደደረሰባት አሳይቷል። በእኛ ቤት እናትና ልጅ ስለዚህ ነገር የሚያወሩበት ቋንቋ የለንም ማለት ይቻላል። አባትማ ጨርሶ። አለቃው ጋ ደውዬ እጠይቃለሁ የሚል ወላጅ ካለ ይህም አያዋጣም፤ በአሜሪካ ሕግ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ የትምህርት ጉዳዩ የልጁ የራሱ ነው፣ ያለ ፈቃዱ በአብዛኛው ለወላጅ አይነገርም። የወላጅ ስብሰባ፣ የሪፖርት ካርድ፣ «መምህር፣ ልጄ እንዴት ነው?» የሚባለው ሁሉ እዚህ የለም። ስለ ልጅህ የምታውቀው እሱ ወይም እሷ የነገሩህን ያህል ብቻ ነው። ቤት ውስጥ መናገር የሚያስፈራ ከሆነ ደግሞ ምንም አታውቅም።

«ከጠየቅነው ይተወዋል፤ የዛሬ ልጅ ጽናት የለውም» የሚል አባት አለ፤ ፊት ለፊት ተከራክሬዋለሁ። አካዳሚው ራሱ ይህን የመውጫ በር ሁለት ዓመት ሙሉ ክፍት አድርጎ የሚተወው ለልጁ አዝኖ አይመስለኝም። መርጦ የቆየ መኮንን ስለሚፈልግ ነው። እንግዲህ ሠራዊቱ የፈቀደለትን አባቱ ሲነፍገው ምን ይባላል? ተጠይቆ «እቆያለሁ» ያለ ልጅ ከዚያ ወዲያ የሚያገለግለው በራሱ ቃል ነው። ሳይጠየቅ የቆየ ደግሞ ሰባት ዓመቱን የእናቱን እልልታ ሲከፍል ሊኖር ይችላል።

አጠያየቁም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ቡና ላይ፣ እንግዳ ፊት አይሆንም። «ትተወው እንዴ?» ብሎ በድንጋጤም አይሆንም። መኪና ውስጥ ሲሆን ጥሩ ነው፤ ሁለቱም ወደፊት ነው የሚያዩት፣ ዓይን ለዓይን አይጋጭም። አንድ ጊዜ ይጠየቃል፣ መልሱ ይሰማል፣ አይደጋገምም። ከመጠየቅ በፊት ደግሞ ወላጅ ከራሱ ጋር መጨረስ ያለበት ነገር አለ፤ መልሱ «እተወዋለሁ» ቢሆን እሁድ አዳራሹ ውስጥ ምን እንደሚል። ይህን ያልጨረሰ ባይጠይቅ ይሻላል፣ ልጁ ፊቱ ላይ ያነብበታልና።

የክርስትና ልጄ ነሐሴ ላይ ይፈርማል፣ ወይም አይፈርምም። እናቱ እስካሁን አልጠየቀችውም፤ እየተዘጋጀሁ ነው ትለኛለች። አባቱ የምርቃቱን አዳራሽ ዋጋ ማጠያየቅ ጀምሯል። እኔ ባለፈው ወደ አናፖሊስ ስመልሰው ጠይቄዋለሁ። የነገረኝ የእሱ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም።