ፈረሱን ማወቅ ውርርድን ማወቅ አይደለም

«ማን ፈጥኖ እንደሚነሣ፥ ማን እንደሚደክም መርምሮ የሚወራረድ ሰው ቁማርተኛ አይባልም» የሚሉ አሉ። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ አትታለል።

በ2022 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኬንታኪ ደርቢ ቀዳሚው ፈረስ የመጀመሪያውን ሩብ ማይል በ21.78 ሰከንድ ጋለበ፤ ኋላ ግን ደከመ። 80 ለ1 የተገመተው ሪች ስትራይክ ከኋላ መጥቶ አሸነፈ። ምክንያቱን ለማስረዳት ከሩጫው በኋላ ሊቅ ያልሆነ አልነበረም፤ አስቀድሞ ገንዘቡን ያስያዘበት ግን ጥቂት ነበር።

ደግሞም በዚያ አገር የተወራራጆቹ ገንዘብ በአንድነት ይጠራቀማል፤ አሸናፊዎቹ ሳይካፈሉት አጫዋቹ ድርጅት ከመቶ 15 የሚበልጥ ያነሣል። የምትካፈለው ትርፍ የባልንጀራህ ኪሳራ ነው። እንግዲህ ስሌትህ ትክክል መሆኑ አይበቃህም፤ ከሌሎቹ ሁሉ መብለጥ አለብህ።

ይህን ያህል ትጋት ካለህ፥ ማንም ሳይከስር ለምታተርፍበት ሥራ ለምን አታውለውም?