መጨመር ማቀናበር አይደለም

«ዘፈኑ ሳስቷል፣ ስትሪንግ ጨምርበት» የሚላችሁን ሰው አትስሙት። እኔ ሰምቼ ተዋርጃለሁ። ለጓደኛዬ ያቀናበርኩትን ባለ 14 ትራክ ዘፈን እናቱ ሰምተው፣ «ልጄ፣ አንተ የታለህ?» አሉት።

ከዚያ በኋላ ነው ሚዛን ተፈሪ ቁጭ ብዬ፣ ቀን ኮድ እየጻፍኩ፣ ማታ የራቬልን «ቦሌሮ» ኖታ በእጄ መገልበጥ የጀመርኩት። እ.ኤ.አ. በ1928 ለመድረክ የበቃው ይህ ሥራ ሩብ ሰዓት ያህል ያንኑ ዜማ ይደጋግማል። የከበሮው ምትም ያው ነው። የሚቀየረው ተጫዋቹ ነው፦ ፍሉት ብቻውን ይጀምራል፣ ክላሪኔት ይቀበለዋል፣ ባሱን ይከተላል። አንድ ቦታ ላይ ሆርን ዜማውን ሲይዝ ሁለት ፒኮሎዎች ያንኑ ዜማ ከሌላ ድምፅ ተነስተው ከላይ ይጫወቱታል፤ ሴሌስታም አለችበት። ጆሮ የሚሰማው ግን አንድ እንግዳ ኦርጋን ነው። ምስጢሩ ያለው በድልድሉ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቦታ ይለቃል።

«የፈረንጅ ሙዚቃ ምን ይበጀናል?» ትሉኝ ይሆናል። አሸናፊ ከበደ የፈረንጁን ትምህርት ተምረው የጻፉት «እረኛው ባለዋሽንት»ን ነው። ዋሽንቱን አልረሱትም።

የእኛ አገር ቡና ገበሬም ይህን ያውቃል፦ ጥላው ዛፍ ከላይ፣ ቡናው ከሥሩ፣ ኮረሪማው ከታች። ጥላው ሲበዛ ቅርንጫፍ ይመለምላል እንጂ ሌላ ዛፍ አይተክልም።

እና አዲስ ፕለጊን ከማውረዳችሁ በፊት አንድ ገጽ ኖታ ገልብጡ። በየመስመሩም ጠይቁ፦ እዚህ ጋ ዝም ያለው ማነው? ለምን?