ንዝረት ዕጣ ፈንታ አይደለም!

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ስንሻገር ጀልባው ጥርሳችን እስኪንገጫገጭ ነዘረን። ምን ሆኖ ነው ብንል፣ «ያረጀ ጀልባ እንዲህ ነው፤ አምና ኩሽኔታው ተቀይሮ ነበር፣ ዘንድሮም ይቀየራል» አሉን። እኛን የምታበግነን ይቺ ናት! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

ነገሩ ቀላል ነው። ሞተሩ በካምቢዮው በኩል አድርጎ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው በሻፍት ነው። የካምቢዮውና የሻፍቱ ፍላንጆች ፊት ለፊት ተስተካክለው ካልገጠሙ ሻፍቱ በዞረ ቁጥር ይንገላታል፤ ኩሽኔታው ይበላል፣ ውኃ የሚያግደው ማሸጊያ ያንጠባጥባል፣ ሲብስም ካምቢዮው ይጎዳል። ታዲያ ኩሽኔታ ብቻ መቀየር ምን የሚሉት ጥገና ነው?

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ቡሎኖቹን ፈትቶ፣ ፍላንጆቹን አቀራርቦ፣ ክፍተቱን ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ በፊለር ጌጅ መለካት። 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ፍላንጅ የተለመደው ልክ፣ ልዩነቱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ነው። ከበለጠ የሞተሩን እግሮች ማስተካከል። የብስ ላይ ለክቶ «አለቀ» ማለትም አይሠራም፤ ጀልባ ውኃ ላይ ሲያርፍ ቅርፁ ትንሽ ስለሚለወጥ የመጨረሻው ልኬት እዚያው ውኃው ላይ ነው።

«ጊዜ የለንም» ይሉናል። በየዓመቱ ኩሽኔታ ለመቀየር ግን ጊዜ አለ! እኛም ብንሆን ከፍለን ዝም ብለን እንወርዳለን። ከእንግዲህ ከመሳፈራችን በፊት እንጠይቅ፦ «ሻፍቱ ከሞተሩ ጋር የተለካው መቼ ነው?» ጣና መሀል የቆመ ጀልባ እንደ ታክሲ ተገፍቶ አይነሳም።