ቤልግሬድ ቁስሏን ታሳያለች፤ ጎሬስ?

ቤልግሬድ ደርሶ የመጣ ሰው ወሬው ሁለት ነው። አንዱ ሳቫና ዳኑብ የሚገናኙበት የካሌመግዳን ምሽግ ነው። ሌላው ደግሞ በከተማዋ እምብርት፣ ትልቅ ጎዳና ዳር ሆዱ ተዘርግፎ የቆመ የፈራረሰ ሕንፃ።

ሕንፃው የመከላከያ መሥሪያ ቤት ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. የኔቶ አውሮፕላኖች መቱት። ሰርቦች ከሃያ ዓመት በላይ ሳይጠግኑትም ጠራርገው ሳያነሱትም አቆዩት። በ2024 እ.ኤ.አ. መንግሥታቸው ከቅርስነት ሰርዞ ቦታውን ለአሜሪካ ባለሀብት ሆቴል ሊያደርግ ሲነሳ፣ በተከታዩ ዓመት ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ጮኸ። ለፍርስራሽ! በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትፈርስ እኛ ምን አልን? ለመሆኑ ማለትስ ይቻል ነበር ወይ?

ቤልግሬድ ለእኛ ባዕድ አይደለችም። በ1961 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የገለልተኛ አገሮች ጉባዔ እዚያ ሲካሄድ ጃንሆይ ተገኝተዋል። የስድስት ኪሎውን የሰማዕታት ሐውልት ያስጌጡትን ምስሎች የሠሩትም የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች ናቸው። የራሳችንን ቁስል ቀርጸው ያሳዩን እነሱ ናቸው ማለት ነው።

እስቲ ወደ ኢሉባቦር እንምጣ። ከበደሌ ተነስቶ ያዮንና ሁሩሙን አልፎ መቱ ያደረን መንገደኛ "ምን አየህ?" በሉት። ደን፣ ቡና፣ ማር፣ ዝናብ ይላችኋል። ጎበዝ ከሆነ ሶር ፏፏቴን ይጨምራል። አልዋሸም፤ ሁሩሙንም የሚያቅፈው የያዮ የቡና ደን በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ግን ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ጎሬ አንድ ሰሞን የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ እንደነበረች ማን ነገረው?

አዎን፣ የመንግሥት መቀመጫ! በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ጃንሆይ ከአዲስ አበባ ወጥተው በጅቡቲ በኩል ሲሰደዱ መንግሥቱ ወደ ጎሬ ተዛወረ። ቢትወደድ ወልደ ፃድቅ ጊዜያዊውን መንግሥት መሩ፤ ራስ እምሩም እንደራሴ ሆነው መጡ። ጣሊያን ጎሬን የያዘው ከወራት በኋላ፣ በ1929 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው ተማረኩ፤ ጣሊያን አገር ወስደው አሠሯቸው። አቡነ ሚካኤልን እዚያው ጎሬ ረሸኗቸው።

ታዲያ ይኸ ሁሉ ለምን ተዳፈነ? በእኔ እምነት ታሪኩ ለየትኛውም ካድሬ ስለማይመች ነው። በዚያው በ1928 ዓ.ም. የወለጋ ኦሮሞ ባላባቶች የምዕራብ ኦሮሞ ኮንፌዴሬሽን መሥርተው፣ በጎሬው የእንግሊዝ ቆንስል በኩል "በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር እንሁን" ሲሉ ለመንግሥታት ማኅበር አመልክተዋል። አንዱ ወገን ጎሬን ካነሳ ይኼኛውን መዋጥ ሊኖርበት ነው። ሌላው ይኸን ካነሳ ደግሞ አርበኛውንና ጳጳሱን ሊተዋቸው ነው። ስለዚህ ሁለቱም ዝም! ለመንገደኛው ቡና አፍሉለት፣ ፏፏቴ አሳዩት፣ ሸኙት።

ቤልግሬድም ብትሆን ጻድቅ አይደለችም። ቦምብ የወረደባትን ታሳያለች፤ ቦምቡ በኮሶቮ ጦርነት ምክንያት እንደመጣ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምትናገረው። በ1995 እ.ኤ.አ. በስሬብሬኒጻ የቦስኒያ ሰርብ ጦር ስምንት ሺህ ያህል ሙስሊም ወንዶችን መፍጀቱንማ ለእንግዳ መንገር አይሆንላትም። የራስን ቁስል ብቻ ማሳየት ግማሽ እውነት ነው። ምንም አለማሳየት ግን ባዶነት ነው።

ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል። የነበሩት አልፈዋል። ከአባቶቻቸው አፍ የሰሙ ሽማግሌዎች ግን ዛሬም በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙ ይገኛሉ። መቱ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የዞኑ ባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት አለ። መቅረጫ ይዞ መሄድ ስንት ብር ይፈጃል? መቱ አውቶቡስ ተራ ላይ "ጎሬ፣ በ1928 የመንግሥት መቀመጫ" የሚል ሰሌዳ መትከልስ የማንን ሥልጣን ይነቀንቃል?

ሙሉውን ንገሩን። አርበኛውንም፣ ጳጳሱንም፣ ማመልከቻ የጻፈውን ባላባትም። ፍርዱን ለሰሚው ተዉት።