ዓባይን በማን አፍ?

አጎቴ ለሕክምና ከስማዳ መጥተው እኔ ዘንድ ሰንብተው ነበር። ቤታቸው ከወገዳ ወደ ቆላው ወረድ ይላል። አገሩ በአንድ ወገን ዓባይ፣ በሌላው በሽሎ የሚያዋስነው ነው። ሻል ሲላቸው አንድ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ስለ ዓባይ ሕዝባዊ ንግግር አዘጋጅቶ ነበርና ይዣቸው ሄድኩ። ጥሪው ለማንኛውም ሰው ክፍት ነው ይላል። አጎቴ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ፈዘው አዳመጡ። ስንወጣ፣

«ልጄ፣ ስለ ምን ነበር የተነጋገሩት?» አሉኝ።

«ስለ ዓባይ ነው፣ ጋሼ።»

«የኛው ዓባይ? ታዲያ ምነው አንዴም ስሙን አልጠሩት?»

እውነት ነው። ንግግሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእንግሊዝኛ ስለነበር፣ ከአጎቴ ማሳ በታች የሚያልፈው ወንዝ ሲነሣ የሰሙት «ናይል» እየተባለ ነው። ያን ቀን የተሰማኝ ሐፍረት እስካሁን አልለቀቀኝም።

ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ የዓባይ ሙግት ራሱ የቋንቋ ሙግት ሆኖ መጀመሩ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት ውል በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ሁለቱም እኩል ሕጋዊ ናቸው ተብሎ ነበር። ሦስተኛው አንቀጽ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ስለሚሠራ ሥራ ይናገራል። የእንግሊዝ ወገን አንቀጹን ሳታስፈቅዱን ውኃውን አትንኩ እንደሚል አድርጎ ሲያነበው፣ የኢትዮጵያ ወገን ግን የተከለከለው ወንዙን ፈጽሞ መድፈን እንጂ መጠቀም አይደለም ብሎ ተከራከረ። የአገር ጥቅም በአማርኛው አነጋገር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ይህንኑ ውል ለኢትዮጵያውያን ስናብራራ አማርኛውን እንተወዋለን።

ከዚያ ወዲህ የተፈረሙትማ እኛን የሚጠይቁም አልነበሩም። እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1929 ግብፅና እንግሊዝ ተስማሙ፤ በ1959 ግብፅ 55.5፣ ሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ተከፋፈሉ። ውኃው ከሚነሣበት ደጋ ላለው ሕዝብ የተጻፈ ቁጥር የለም። አጎቴን የሚያስቆጣቸው ይህ ነበር፤ ግን ማን ነገራቸው?

አንዳንድ መምህራን «ጽንሰ ሐሳቡ በአማርኛ አይገለጽም» ይሉኛል። እኔ አልቀበልም። መስኖ ባለበት ብዙ ቀበሌ ውኃ በተራ የሚያከፋፍል የውኃ አባት አለ። ከላይ ያለው ሰው ቦዩን ቢዘጋ፣ ከታች ያለው በሌሊት ቢሰብር፣ ነገሩ በሽማግሌ ይታያል፤ ካሳ ይቆረጣል፤ ዋስ ይጠራል። በ2002 ዓ.ም. እንቴቤ ላይ ለፊርማ የቀረበው፣ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት የቆመው ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም በሚባለው መርሕ ላይ ነው። ይህን መርሕ ለውኃ አባት ለማስረዳት ሩብ ሰዓት አይፈጅም። እንዲያውም ተናጋሪው ራሱ የሚማረው ነገር ያገኛል።

የወገዳን ሰው ከውጭ ጉዳይ ጋር የሚያገናኘው ወንዙ ብቻም አይደለም። ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ከመንግሥት በጀት ጋር የዓለም ባንክና የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ገንዘብ ነበረበት። ስማዳ፣ ታች ጋይንትና ላይ ጋይንት ዝናብ ሲከዳቸው ብዙ አባወራ በዚያ ስንዴና ብር ክረምቱን ተሻግሯል። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካው ድርጅት በዋሽንግተን ውሳኔ ሲዘጋ፣ የእርዳታው ሰልፍ ላይ የቆመችው እናት ስለ አሜሪካ ፖለቲካ ማብራሪያ ይገባታል። የዩክሬን ጦርነት ማዳበሪያውን እንዴት እንዳስወደደው ገበሬው ያወቀው ኪሱ ሲራቆት ነው፤ ምክንያቱን የነገረው የለም።

መልካም ጅምር የለም አልልም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና ደኅንነት ጥናት ተቋም ለዓመታት በዘርፉ ማስተርስና ዶክትሬት አስተምሯል። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በባሕር ዳር የተሰበሰበው የጣና ፎረም የአፍሪካ መሪዎችን ዓባይ ከሚወጣበት ሐይቅ ዳር አምጥቶ አነጋግሯል። ግን መሪዎቹ ተናግረው በአውሮፕላን ተመለሱ። ወንዙ ወደ ስማዳ ገደል ወረደ፤ ንግግሩ አብሮት አልወረደም።

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ ነገር አይደለም። በዓለም አቀፍ ግንኙነት የሚመረቅ እያንዳንዱ ተማሪ፣ ጥናቱን በአዳራሽ ከመከላከሉ በፊት ፍሬ ነገሩን በአንድ ወረዳ ከተማ፣ በሕዝቡ ቋንቋ ይናገር። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ለወገዳ፣ ለነፋስ መውጫ፣ ለአርብ ገበያና ለመካነ ኢየሱስ ጎረቤት ነው፤ እሱ ቢጀምረው እወዳለሁ። ዛሬ መንገዱ እንደልብ የማያስኬድ መሆኑ ይገባኛል። እስኪቀና ድረስ በሬዲዮ ይቻላል፤ ዋናው የጠያቂው ድምፅ መሰማቱ ነው።

አጎቴ አገራቸው ሊመለሱ መናኸሪያ ስሸኛቸው ስለ 1894ቱ ውል እዚያው ቆመን ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «የአማርኛውን ወረቀት ማን ነው ያስቀመጠው? እንዳይጠፋብን» አሉኝ። በዚያ አዳራሽ አንድ ሰዓት ተኩል ስንቀመጥ ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም።